በቅናሽ ዋጋ መቃጠል

ከቦሌ እስከ ሳር ቤት፣ ከሃያ ሁለት እስከ ሲኤምሲ፣ መንገድ ዳር የቆመ ሕንፃ ሁሉ ሌዘር አለኝ ይላል። ምድር ላይ ካፌ፣ አንደኛ ፎቅ ባንክ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ደግሞ ሐምራዊ መብራት የበራበት «የውበትና የሌዘር ማዕከል»። ቲክቶክ ከፍታችሁ ጣታችሁን ሁለቴ ካንሸራተታችሁ ነጭ ጋውን የለበሰች ልጅ ብቅ ብላ «የብጉር ጠባሳ ቻው!» ትላችኋለች። ለበዓል ቅናሽ አለ። ለሙሽራ ፓኬጅ አለ። ጓደኛ ይዞ ለመጣ ደግሞ ሌላ ቅናሽ አለ። ዶሮና ቅቤ በሚወደድበት የበዓል ሰሞን የሚረክሰው የሰው ፊት ብቻ ሆኗል።

እኔ የምለው አጭር ነው። ለጠባሳና ለተሸበሸበ ቆዳ የሚሠራው ሌዘር ቃጠሎ ነው። በልክ የተመጠነ፣ ሐኪም ሲያዘውና ሐኪም ሲይዘው የሚጠቅም፣ ግን ቃጠሎ። ስለዚህ ፊታችን ላይ እሳት መለኮስ የሚገባው፣ እሳቱ ሲያመልጥ አክሞ ማዳን የሚችል ሰው ብቻ ነው። የቀረው ሁሉ፣ ጋውኑ የቱንም ያህል ቢነጣ፣ እጁን ይሰብስብ።

አሠራሩ ለማስረዳት የሚከብድ አይደለም፤ ሻጮቹ የማያስረዱት ገበያ እንዳይቀዘቅዝባቸው ነው። ለዚህ ሥራ በሰፊው የሚውለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ነው፤ እነሱ «ሲኦቱ» የሚሉት። በ1964 እ.ኤ.አ. ኩማር ፓቴል የተባለ የህንድ ተወላጅ ሳይንቲስት በአሜሪካው ቤል ላብራቶሪ ፈለሰፈው። የጨረሩ የሞገድ ርዝመት 10,600 ናኖሜትር ስለሆነ ዓይን አያየውም። አጥብቆ የሚውጠው ውሃ ነው፤ ቆዳችን ደግሞ በአብዛኛው ውሃ ነው። ጨረሩ ያረፈበት ቦታ ላይ በሕዋሱ ውስጥ ያለው ውሃ በቅጽበት ፈልቶ ይተናል፤ ቆዳውም አብሮ ይተናል። ክፍሉ ውስጥ የሚሸተው የተቃጠለ ጠጉር የሚመስል ሽታ የማሽኑ ሳይሆን የታካሚዋ ነው። ከሥር ያለው የቆዳ ክፍል በሙቀቱ ይኮማተራል፤ ሰውነትም ቁስል ደረሰብኝ ብሎ አዲስ ኮላጅን መሥራት ይጀምራል። ጥቅሙ ሁሉ ከዚህ የሚመጣ ነው። ሰውነትን አቁስሎ ራሱን እንዲጠግን ማስገደድ።

በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ይህ ሌዘር ፊትን ከግንባር እስከ አገጭ አንድ ላይ ይልጥ ነበር። ሰዎች ለወራት ፊታቸው ቀልቶ ይቆያል፤ አንዳንዶቹም ቆይቶ ቆዳቸው ለዘለቄታው ቀለሙን እያጣ ይነጣባቸው ነበር። በ2004 እ.ኤ.አ. ቦስተን ውስጥ ዲተር ማንስታይንና ሮክስ አንደርሰን ከባልደረቦቻቸው ጋር ሌላ መንገድ አሳዩ። ጨረሩን እንደ ፀጉር በቀጠኑ ነጥቦች ከፋፍሎ ማሳረፍና በነጥቦቹ መካከል ጤነኛ ቆዳ መተው። ያልተነካው የተነካውን ቶሎ ያድነዋል። ዛሬ «ፍራክሽናል» እየተባለ የሚሸጥልን ይኸው ነው፤ ሐሳቡም ብልህ ሐሳብ ነው፤ ይህን አልክድም። ግን ነጥቦቹ ምን ያህል ይቀራረቡ፣ ምን ያህል ጥልቀት ይግቡ፣ ስንት ጊዜ ይደጋገሙ የሚለውን ማሽኑ አይወስንም። የሚወስነው እጀታውን የያዘው ሰው ነው። ያ ሰው ማነው?

የእህቴ ልጅ ሠርጓ ሲቃረብ ነው የሄደችው። የሃያዎቹ ዕድሜዋ ብጉር በሁለቱ ጉንጮቿ ላይ ትንንሽ ጎድጓዳ ጠባሳ ትቶባታል፤ ከእሷ በቀር ማንም ልብ ብሎ የሚያየው አልነበረም። ለሙሽራ ፓኬጅ ከፈለች። ከሳምንታት በኋላ ቤቴ ስትመጣ ፊቷን በነጠላ ሸፍና ነበር። ሳሎን ተቀምጣ ስትገልጠው፣ ከጉንጯ እስከ አገጯ ድረስ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን እየሆነ የተደረደረ ጥቁር ነጠብጣብ አየሁ፤ ወንፊት በከሰል ነክረው ያተሙባት ይመስል ነበር። አንዱ አራት ማዕዘን ሌላው ላይ ተደርቦ ያረፈበት ቦታ ይበልጥ ጠቁሯል። «እቴቴ፣ ይለቃል ብለውኛል» አለችኝ። እንባዋ መጣ፤ እንባው ራሱ አቃጠላት።

በማግስቱ አብሬያት ሄድኩ። እንግዳ ተቀባይዋ «ቆንጅዬ፣ ይሄ እኮ ኖርማል ነው፤ እየተላጠ ስለሆነ ነው» አለች፤ ቀና ብላ ሳታይ። ማሽኑን የያዘው ማን እንደነበር ጠየቅኩ። እሷ ራሷ ናት። የት ተማርሽ ስላት ማሽኑን ያመጡት ሰዎች ለሁለት ቀን አሠልጥነዋታል። ዶክተርስ? «ዶክተር ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል።» የእህቴ ልጅ የታከመችው ማክሰኞ ነው። ደረሰኝ የለም፤ ብሩ በቴሌብር ወደ ግለሰብ ስልክ ገብቷል። ከዚያ መሳቢያ ተከፈተና ስም የሌለው፣ መለያ የሌለው፣ ነጭ ክሬም የሞላበት ብልቃጥ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ለጠቆረው የሚሆን ነው፤ ዋጋው ለብቻ ነው። በቁስል ላይ እንጨት ስደድበት ይላል ያገሬ ሰው። አቃጥለው ለቃጠሎው ማስለቀቂያ ሲሸጡ ዓይናቸውን በጨው አጥበው ነው።

ልጅቷን ብቻ ልወቅሳት አልፈልግም። ለደመወዟ ትሠራለች፤ ማሽኑን ገዝቶ ሁለት ቀን አሠልጥኖ ሰው ፊት ላይ ያቆማት ባለሀብት ቢሮው ሌላ ቦታ ነው።

አሁን የእህቴ ልጅ ያልተጠየቀችውን ልንገራችሁ፤ ክህደቱ ያለው እዚህ ላይ ነውና። ምች ያወጣሻል ወይ ብሎ የጠየቃት የለም። እኛ ምች የምንለው፣ ዳማከሴ የምንሸትለት፣ ከንፈር ላይ የሚወጣው ቁስል ሄርፒስ የሚባል ቫይረስ ነው። አንዴ ከያዘ ከሰውነት አይወጣም፤ ተደብቆ ይቀመጣል። ፊት በሌዘር ሲላጥ ሊነሳና የተላጠውን ቆዳ ሙሉ ሊያለብሰው ይችላል፤ ጠባሳ ለማጥፋት የሄደች ሴት በአዲስ ጠባሳ ትመለሳለች። ለዚህ ነው ጠንቃቃ ሐኪም ሌዘሩ ሳይጀመር የቫይረሱን መድኃኒት አስቀድሞ የሚያዘው። ክኒኑ ፋርማሲ አለ፤ ጠያቂው ነው የጠፋው። ምን ዓይነት ክሬም ስትቀቢ ነበር ብሎ የጠየቃትም የለም። ትቀባ ነበር፤ ስንቱ ይቀባል፣ ሚክስ ክሬም እየተባለ የሚሸጠውን ኃይለኛ ስቴሮይድ ያለበት ድብልቅ። በስቴሮይድ የሳሳ ቆዳ ላይ ሌዘር ማሳረፍ ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ቅዳሜን መጠበቅ አያስፈልግም ነበር። ጆሮሽን ስትበሺ አብጦ ቀርቶብሽ ያውቃል የሚለው ጥያቄም አልተነሳም። ኬሎይድ የሚያወጣ ቆዳ ሲቆስል ከቁስሉ ድንበር አልፎ ሊያብጥ ይችላል፤ ይህ ደግሞ ከነጮች ይልቅ በእኛ ቆዳ ላይ በብዛት የሚታይ ነው። እንዲህ ያለ ቆዳ ላላት ሴት ጨረር ከመሸጥ በፊት መቆም ያስፈልጋል።

ጥቁርነታችንንም ማንም አልቆጠረውም። ሐኪሞች የቆዳን ዓይነት የሚለዩበት መለኪያ በሃርቫርዱ ቶማስ ፊትዝፓትሪክ በ1975 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። ሲወጣ የነጮችን ቆዳ ፀሐይ ምን ያህል እንደሚያቃጥለው ለመለየት የታሰበ ነበር፤ አራት ደረጃ ብቻ ነበረው። ጠይምና ጥቁር ቆዳ አምስተኛና ስድስተኛ ሆኖ የተጨመረው በኋላ ነው። እኛ በመጀመሪያው ዝርዝር ላይ ቦታ አልነበረንም ማለት ነው። ዛሬ ቦሌ ውስጥ ማሽን አብርታ ስክሪኑ ላይ የመጣላትን ቁጥር ሳትነካ «ስታርት» የምትል ልጅ፣ ስለ እኛ ታስቦ ያልተመረጠ ቁጥር ፊታችን ላይ ልትለቅ ትችላለች።

ሻጮቹ ለዚህም መልስ አላቸው። «ሲኦቱ ውሃን እንጂ ቀለምን አይነካም፤ ለጥቁር ቆዳ ሴፍ ነው» ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው፤ ሰው የሚያታልለውም ግማሽ እውነት ነው። ጨረሩ ራሱ ቀለም አይፈልግም። ሙቀቱ የሚያስነሳው ብግነት ግን ቀለም የሚሠሩትን ሕዋሳት ይቀሰቅሳል፤ በእኛ ቆዳ ውስጥ ያሉት ደግሞ ለትንሽ ትንኮሳ ብዙ ቀለም የሚያፈስሱ ናቸው። ብጉር ሲድን ጥቁር ነጥብ የሚተውብን፣ ትንኝ የነከሰን ቦታ ለወራት ጠቁሮ የሚቆየው ለዚህ ነው። ይህን የሚያውቅ ሐኪም ነጥቦቹን ያራርቃል፤ ኃይሉን ይቀንሳል፤ በአንድ ቀን ከመጨረስ ይልቅ በወራት ርቀት ይከፋፍለዋል። ከሁሉ በፊት ደግሞ የማይታይ ቦታ ላይ፣ ከጆሮ ሥር ወይም መንጋጋ ጫፍ፣ በትንሹ ሞክሮ ሳምንታት ይጠብቃል። ሠርግ የቀረባትን ልጅ «ከሠርጉ በኋላ ነይ» ብሎ ይመልሳታል። ገንዘብ የሚያሳጣ ቃል ስለሆነ አራተኛ ፎቅ ላይ አይሰማም።

ማዲያት ያለባት ሴት ደግሞ ከዚህ ሁሉ አብልጣ ትፍራ። ማዲያት ሙቀትን ይጠላል። ለጊዜው የለቀቀ መስሎ ተመልሶ ከቀድሞው ጠቁሮ የሚመጣው በሌዘር የተነካካ ማዲያት ነው። ከወሊድ በኋላ ጉንጯ ላይ የወጣባትን ለማስለቀቅ ሄዳ ግንባሯን ጨምራ የተመለሰች ጎረቤት አለችኝ፤ ዛሬም ማዲያቱን የምትወቅሰው ልጇን ነው እንጂ ማሽኑን አይደለም።

ፀሐዩን እንጨምርበት። «የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ» ብለን ለቱሪስት ስናስተዋውቃት የኖርናት አገር ናት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ተቀምጣለች፤ በየ1,000 ሜትሩ አልትራቫዮሌት ጨረር ወደ 10 በመቶ ይጨምራል፤ ከምድር ወገብ ቅርብ መሆናችን ደግሞ ሌላ ነው። ብርዱ ያታልለናል እንጂ ፀሐዩ የሚምር አይደለም። አዲስ የተላጠ ፊት ይዛ መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ለግማሽ ሰዓት የቆመች ሴት፣ የማሽኑን ሥራ ፀሐዩ ይጨርስላታል። ጥላ ይዘሽ ሂጂ ያላት የለም። የፀሐይ መከላከያ ክሬም ያላት የለም፤ ቢላትም ከውጭ የሚገባው አንድ ቱቦ ዋጋ ኪስ ያራቁታል፤ በየሁለት ሰዓቱ ደግሞ መደገም አለበት። ሌላም አለ። ጠቆር ያለ ቆዳን ዓይን የሚያየው ተራ ብርሃን ራሱ ያጠቁረዋል፤ ስለዚህ የብረት ኦክሳይድ ያለበት፣ የቆዳ ቀለም የሚመስል መከላከያ ይመረጣል። ፓኬጁ ውስጥ ይህ ተካቷል? የተካተተው ፊት ላይ የሚለጠፍ ማስክና የስልክ ካሜራ የሚወደው የቀለበት መብራት ነው።

ስለ ካሜራ ካነሳን «በፊት» እና «በኋላ» እያሉ የሚለጥፉትን ፎቶ አንዴ ተረጋግታችሁ እዩት። በፊት ያለው ፎቶ ላይ መብራቱ ከላይ ነው፤ ከላይ የሚወርድ ብርሃን እያንዳንዱን ጉድጓድ በጥላ ይሞላዋል። በኋላ ያለው ላይ መብራቱ ፊት ለፊት ነው፤ ጥላ የለም፤ ጉድጓድም የለም። ከዚህ የባሰ ደግሞ አለ። ሌዘር ከተሠራ በኋላ ባሉት ቀናት ፊት ያብጣል። እብጠቱ ጠባሳውን ከሥር ገፍቶ ይሞላዋል። በዚያ ሰሞን የተነሳ ፎቶ ተአምር ይመስላል፤ እብጠቱ ሲወርድ ተአምሩም ይወርዳል። ኮላጅን በእውነት ተሠርቶ ለውጡ የሚለካው ከሦስት እስከ ስድስት ወር ቆይቶ ነው። ስለዚህ ቀን ያልተጻፈበት ፎቶ ማስረጃ አይደለም። የብዙዎቹ ማስታወቂያ ሴት ደግሞ የኮሪያ ወይም የአውሮፓ ሴት ናት፤ የእኛን ቆዳ ማሳየት ያቃታቸው ለምን እንደሆነ እነሱም ያውቁታል።

ደህና ውጤትስ የለም? አለ። ግን ሐቀኛ ሐኪም ይሻላል ይላል እንጂ ይጠፋል አይልም። ጠባሳም ሁሉ አንድ አይደለም። ጠባብና ጥልቅ የሆነው፣ በመርፌ የተወጋ የሚመስለው፣ ለሌዘር እምብዛም አይበገርም፤ ለእሱ ነጥብ በነጥብ የሚደረግ አሲድ አለ። ከሥር በክር የተያዘ ያህል ወደ ውስጥ የተሳበው ክሩን የሚቆርጥለት መርፌ ይፈልጋል። በትንንሽ መርፌዎች ቆዳን የሚወጋው ዘዴ ሙቀት ስለሌለው ለእኛ ቆዳ ብዙ ጊዜ የተሻለ ምርጫ ነው። ይህን ሁሉ አይቶ የሚመርጥ ነው ሐኪም። አንድ ማሽን ብቻ የገዛ ሰው ግን የመጣውን ፊት ሁሉ ለማሽኑ ያቀርባል፤ ዕዳ አለበታ።

ስለ እርጅናስ? የነጭ ቆዳ በፀሐይ ቶሎ ስለሚጎዳ በአርባዎቹ ይሸበሸባል፤ ይህ ሌዘር ስሙ የገነነውም እዚያ ነው። በ1979 እ.ኤ.አ. የወጣ የታወቀ ጥናት የጥቁር ሰው የላይኛው ቆዳ የሚሰጠውን የፀሐይ መከላከያ 13.4፣ የነጩን 3.4 ብሎ ለክቶታል። ተፈጥሮ በነፃ የሰጠችንን ቀለም የዕድሜ መድን ብለን መያዝ ሲገባን፣ ገና በሠላሳዎቹ ያለች ሴት መስመር የሌለበት ፊቷን «ለመከላከል» ብላ ታስለበልባለች። ይህ ነው ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት። እናቶቻችን ከወሊድ ሲነሱ ወይባ ጢስ ይሞቁ ነበር፤ ሙቀቱ ከከበዳቸው ግን ተነስተው ይወጣሉ። ከአራተኛው ፎቅ አልጋ ላይ ግን ዓይኗ ተሸፍኖ፣ ፊቷ በማደንዘዣ ክሬም ደንዝዞ የተኛች ሴት መቼ በዛ እንደምትል በምን ታውቃለች?

«ይህ የድሃ አገር ችግር ነው» ብሎ የሚያስብ ካለ ተሳስቷል። አሜሪካ ውስጥ ከ1999 እስከ 2012 እ.ኤ.አ. በሌዘር ጉዳት የተመሠረቱ 175 ክሶች ተመርምረው 75ቱ ሐኪም ባልሆነ ሰው እጅ የደረሱ ሆነው ተገኝተዋል፤ በ2008 ድርሻው 36 በመቶ የነበረው በ2011 ወደ 78 በመቶ አሻቅቧል። ልዩነቱ እዚያ ከሳሽም፣ ጠበቃም፣ ፋይልም መኖሩ ነው። የእህቴ ልጅ ትክሰስ ብትባል በምን ደረሰኝ? የፈረመችው ወረቀት የለ፣ የኃይሉ መጠን የተጻፈበት ካርድ የለ፣ የሠራላት ሰው ሙሉ ስም የለ። እነሱ ጋ ያለው የእሷ «በፊት» ፎቶ ብቻ ነው፤ እሱንም ሳያስፈቅዷት ለጥፈውታል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ይህ ሌዘር በእውነት የሚያስፈልጋቸው ሰዎች አሉ፤ እዚያ ፎቅ ግን አይወጡም። የካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎ ክፍል ሄዳችሁ እዩ። የፈላ ወጥ የተደፋበት ሕፃን፣ የሚጥል በሽታ ይዟት ምድጃ ላይ የወደቀች ልጃገረድ፣ ቡታጋዝ የፈነዳባት እናት። ቁስሉ ከዳነ በኋላ ጠባሳው ይኮማተራል፤ አገጭን ከደረት፣ ጣትን ከመዳፍ ያጣብቃል። ቀዶ ሕክምና ያላቅቀዋል፤ ከዚያ በኋላ የቀረውን ደረቅና የሚያሳክክ ጠባሳ ለማለስለስ ይኸው ፍራክሽናል ሌዘር ይረዳል። አሜሪካኖቹ ከጦርነት በቃጠሎ ለተመለሱ ወታደሮቻቸው ተጠቅመውበታል፤ በ2014 እ.ኤ.አ. የመስኩ ባለሙያዎች ለአደጋ ጠባሳ ዋጋ ያለው ሕክምና መሆኑን በጋራ ጽፈዋል። ለእነዚያ ሰዎች ጉዳዩ የሰልፊ አይደለም፤ አንገትን የማዞርና ማንኪያ የመያዝ ነው።

ቁንጭርስ? በሽኮኮዎች መካከል ኖሮ በትንሽ ዝንብ ንክሻ ወደ ሰው የሚተላለፈው፣ የደጋ ልጆቻችንን አፍንጫና ጉንጭ የሚበላው በሽታ በዓመት ከ20,000 የማያንስ ኢትዮጵያዊ እንደሚይዝ ይገመታል። ደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የሚመጡት ከሩቅ ገጠር ነው፤ ቁስሉ ሲድን ፊታቸው ላይ ዕድሜ ልክ የሚኖር ጠባሳ ይዘው ይመለሳሉ። በዚያ ጠባሳ ምክንያት ትምህርቷን የተወች ልጅ አለች፤ ለጋብቻ የማይጠይቋት ልጅ አለች። ለእሷ ቅናሽ የሚያደርግ የበዓል ፓኬጅ የለም። ይህች አገር የውጭ ምንዛሪ ጠፋ በተባለበት ዓመት ሁሉ እነዚህን ማሽኖች አስገብታለች፤ ያስገባቻቸው ግን ለተቃጠለው ሳይሆን ላልተቃጠለው ነው፤ እሱን ለማቃጠል።

ይህን ስል ሁለት ዓይነት ሰው እንደሚነሳብኝ አውቃለሁ። አንደኛው «እግዜር የሰጠሽን ፊት ተቀበይ» ባዩ ነው። ዝም በል። ፊቱ ላይ ጠባሳ ኖሮበት የማያውቅ ሰው ስለ መቀበል መስበክ አይችልም። እኔም ሽበቴን እቀባለሁ፤ መዋብ ኃጢአት አይደለም፤ ብጉር ያበላሸውን ፊቱን ማስተካከል የሚፈልግ ወንድም ሆነ ሴት የማንንም ቡራኬ አያስፈልገውም። ሁለተኛው «በገዛ ብሯ፣ በገዛ ፊቷ ምን አገባሽ» ባይ ነው። እሺ፣ ፊቱ የእሷ ነው። ግን የገዛችው ምን እንደሆነ ሳይነገራት የከፈለች ሰው መረጠች አይባልም፤ ተሸወደች ነው የሚባለው። «ሊጠቁርብሽ ይችላል፣ ለወራት ላይለቅ ይችላል፣ አንዳንዱም እስከ መጨረሻው ሊቀር ይችላል» ተብላ ፈርማ ብትገባ ኖሮ እኔም ዛሬ አልጽፍም ነበር።

የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የሕክምና መሣሪያን የመመዝገብና የመቆጣጠር ሥልጣን አለው። የአዲስ አበባ አቻውም ተቆጣጣሪዎች አሉት። ወረርሽኝ ሲነሳ ምግብ ቤት ታሽጎ ስናይ ኖረናል፤ ፊት ላይ እሳት የሚለቀው ቤትም ቢያንስ የምግብ ቤትን ያህል ይፈተሽ። የምጠይቀው ሩቅ አይደለም። ቆዳን የሚልጥ ሌዘር ያለው ቤት በሥራ ሰዓቱ ሁሉ ፈቃድ ያለው ሐኪም ይኑርበት፤ ቅዳሜ የሚመጣ አይደለም። ማሽኑ መመዝገቡን የሚያሳይ ወረቀት ግድግዳው ላይ ይለጠፍ። የሚለቀው ኃይል ስክሪኑ ላይ ከሚታየው ቁጥር ጋር መግጠሙን የሕክምና መሣሪያ መሐንዲስ በየጊዜው ይለካ። ቅናሽና ፓኬጅ እያሉ ማስተዋወቅ ይከልከል፤ ቀዶ ሕክምናን በበዓል ቅናሽ የሚሸጥ ሆስፒታል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

የእህቴ ልጅ በወፍራም ሜካፕ ተሞሸረች። አሁን የቆዳ ሐኪም ጋ ትመላለሳለች፤ ብልቃጡን ጥለነዋል። ሐኪሙ ለወራት ምንም ሌዘር አታስጠጊው፣ ከፀሐይ ተጠበቂ፣ ታገሺ ብሏታል። የተከፈለው ብር አልተመለሰም፤ ቤቱም ዛሬ እየሠራ ነው።

እናንተም በዚህ ሰሞን ቀጠሮ የያዛችሁ ካላችሁ ከመተኛታችሁ በፊት ማን እንደሚሠራላችሁ ስሙን፣ የሙያ ፈቃዱን፣ የሙከራ ነጥብ ይሠራላችሁ እንደሆነ ጠይቁ። ምች ያወጣችኋል ወይ ብሎ ካልጠየቃችሁ ተነሱ። ቅድመ ክፍያው አይመለስም ቢሏችሁ ተዉላቸው፤ ከአልጋው ላይ ወርዳችሁ ጫማችሁን አድርጋችሁ ውጡ።